ፍጥነት፣ እርምጃና ጽናት በታላላቅ ሯጮቻችን ታሪክ



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት፣ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዲቀርብ በታሰበ ጊዜ፣ እኛ የመረጥነው ርእስ የአገራችንን የረዥም ርቀት ሯጮች ታሪክ ነው። ይህንንም የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በተበላ ከተማም ሆነ በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ሁለት አባባሎች ዘወትር ይሰማሉ። አንደኛው፣ «ሩጫ ለአርሲና ለሸዋ ደገኞች የተሰጠ ነው፤ ለእኛ አልተሰጠንም» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ፈተና ለደረሰበት ተማሪ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ከንቱ ድካም ነው፤ ሰዓቱ ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ይዋል» የሚል ነው። የመጀመሪያውን የሚሉት ጓደኞቻችን ናቸው፤ ሁለተኛውን የሚሉት ደግሞ ለልጆቻቸው የወደፊት ኑሮ የሚጨነቁ ወላጆች ናቸው። ሁለቱም ወገኖች ክፉ አሳቢዎች ስላልሆኑ፣ መልሳችን በአክብሮት ሊሆን ይገባል። መልሱንም ከራሳችን አመንጭተን ሳይሆን ከታሪክ እንፈልገዋለን።

ሰው በውድድር ሜዳ ላይ እንዲያሸንፍ ሦስት ነገሮች ያስፈልጉታል። እነዚህም ፍጥነት፣ እርምጃና ጽናት ናቸው። ፍጥነት ማለት በአጭር ጊዜ ብዙ ርቀት መጓዝ ነው። እርምጃ ማለት እግር መሬት የሚነካበትና ከመሬት የሚነሣበት ሥርዓት፣ ከዚያም ጋር የመላው ሰውነት አያያዝ ነው። ጽናት ማለት ድካም ከመጣ በኋላ ሥራን ሳያቋርጡ መቀጠል ነው። በሜዳ ቴኒስ ተጫዋችም ሆነ በእግር ኳስ ተጫዋች ዘንድ እነዚህ ሦስቱ ይፈለጋሉ። ይሁን እንጂ በአገራችን ከሁሉ አብልጠው የተገለጡት በረዥም ርቀት ሩጫ ስለ ሆነ፣ ነገራችንን በዚሁ እንወስናለን።

ስለ ጽናት

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ውድድር የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. በአውስትራልያ አገር በሜልቦርን ከተማ ነው። በዚያ ጊዜ አንድም ሜዳልያ አልተገኘም። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ማሞ ወልዴ የሚባል ወጣት ወታደር ነበረ። በ800 ሜትርና በ1,500 ሜትር ሮጠ፤ በሁለቱም ከማጣሪያው ሳያልፍ ቀረ። አንባቢ ይህን ስም እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮማ ከተማ የማራቶን ውድድር ተደረገ። የማራቶን ርቀት 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ሩጫው አመሻሹ ላይ ተጀምሮ ከጨለመ በኋላ ስለ ተፈጸመ፣ ወታደሮች በመንገዱ ዳር ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። የክቡር ዘበኛ ወታደር የነበረው አበበ ቢቂላ፣ በ1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ የተወለደ የገበሬ አገር ልጅ ነው። በሮማ የገዛው አዲስ ጫማ እግሩን ስላቆሰለው ባዶ እግሩን ለመሮጥ ቈረጠ። የመንገዱን ሁለተኛ አጋማሽ ከሞሮኮው ሯጭ ከራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሄዱ። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ፣ የፋሺስት መንግሥት በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም ነቅሎ ወስዶ በሮማ አደባባይ ባቆመው ሐውልት አጠገብ፣ አበበ እርምጃውን ጨምሮ ተለየ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገብቶ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኘ። ራዲ በ25 ሰከንድ ተከተለው። ሐውልቱም ዘግይቶ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።

ይህ ሰዓት ምን ያህል ታላቅ እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ ሜዳችን ወጥተን ብንለካው ይሻላል። አበበ የሮጠው እያንዳንዱን 100 ሜትር በ19 ሰከንድ ገደማ ነው። ከክፍላችን ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ 100 ሜትርን በ19 ሰከንድ ለመሮጥ አያቅታቸውም፤ እንዲያውም ይህ ቀላል ነው ብለው ይስቁ ይሆናል። ነገር ግን ያንኑ ሩጫ ያለ ዕረፍት 422 ጊዜ መደጋገም የሚችል ማን ነው? የጽናት ትርጉም በዚህ ይታወቃል። አንድ ጊዜ ሲሠሩት ቀላል የሆነውን ነገር አራት መቶ ጊዜ ሳያበላሹ መሥራት ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ከተማ አበበ እንደ ገና ተሰለፈ። ውድድሩ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ስለ ነበረ፣ ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው ጥቂት ሰው ነው። እርሱ ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ብቻውን ገባ። ሁለተኛው የእንግሊዝ ሯጭ እስኪደርስ ድረስ ከአራት ደቂቃ በላይ አለፈ፤ አበበም በዚያ ጊዜ ውስጥ በሣሩ ላይ ተጋድሞ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ ከዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

አሁን ወደ ማሞ ወልዴ እንመለስ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ሻምበል አበበ ቢቂላ በእግሩ ሕመም ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ አቋረጠ። ውድድሩን የቀጠለው ማሞ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ወጣ፤ የተከተለውን የጃፓን ሯጭም ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀደመው። ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ በ10,000 ሜትር ከኬንያው ናፍታሊ ቴሙ ቀጥሎ የብር ሜዳልያ አግኝቶ ነበር። ከዚህም አልፎ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ ማለት የሮማው ድል በተገኘ በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት በዚያው ዕለት፣ በሙኒክ ከተማ በ40 ዓመት ዕድሜው በማራቶን ሦስተኛ ወጣ። እንግዲህ በሜልቦርን ከማጣሪያው ካልታለፈበት ቀን እስከ ሜክሲኮ ወርቅ ድረስ 12 ዓመት ነው። ይህም አንድ ተማሪ ከአንደኛ ክፍል ተነሥቶ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የሚፈጽምበት ጊዜ ነው። ጽናት ማለት በአንድ ቀን ሩጫ ውስጥ ያለው ትዕግሥት ብቻ አይደለም፤ በዓመታት ውስጥ ያለውም ትዕግሥት ነው።

ሻምበል አበበ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ መንቀሳቀስ ተሳናቸው። በእንግሊዝ አገር ከታከመ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ አገር በበረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ተንሸራታች ጋሪ የ25 ኪሎ ሜትር እሽቅድምድም አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ጽናቱ በእግሩ ውስጥ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል።

ስለ እርምጃ

ብዙ ሰው የአበበን ባዶ እግር እንደ ተአምር ይቈጥረዋል። ይሁን እንጂ በቶኪዮ ያሸነፈው ጫማ አድርጎ ነው፤ ሰዓቱም ከሮማው በሦስት ደቂቃ የተሻለ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ በጫማው መኖርና አለመኖር አይደለም፤ በእርምጃው ሥርዓት ነው። አበበ ሲሮጥ ራሱ አይወዛወዝም፤ ትከሻው አይነሣም፤ እጆቹም ወደ ጎን አይወራጩም ነበር። ለወደ ፊት ጉዞ የማይጠቅም እንቅስቃሴ ሁሉ ጉልበትን ያባክናል።

ይህንንም በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። የአንድ ሯጭ እርምጃ አንድ ሜትር ተኩል ነው እንበል። ማራቶንን ለመፈጸም 28,000 ያህል እርምጃ ይፈልጋል ማለት ነው። በየእርምጃው አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢጎድልበት፣ በመጨረሻው 280 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። በሮማ አበበ ራዲን የቀደመው በ25 ሰከንድ መሆኑን ከላይ ጠቅሰናል፤ ይህ በዚያ ፍጥነት ሲሰላ 130 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ በአንድ እርምጃ ላይ ዐይን የማያየው ጉድለት ወርቅን ወደ ብር ለመለወጥ ይበቃል። መምህራኖቻችን በደብተራችን ላይ ስለ ትንንሽ ስሕተት ሲቈጡን ይህን ልናስብ ይገባናል።

እርምጃ በልጅነት መንገድ ላይ እንደሚቀረጽ ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ምስክር ነው። ኃይሌ በ1965 ዓ.ም. በአርሲ በአሰላ አካባቢ ተወለደ። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለ ነበረ፣ ጧት እየሮጠ ይሄዳል፤ ማታም እየሮጠ ይመለሳል። ደብተሮቹን በግራ ብብቱ ሥር ይይዝ ስለ ነበረ፣ በዓለም አደባባይ በሮጠ ጊዜ ሁሉ የግራ ክንዱ ደብተር እንዳቀፈ ያህል ተጣጥፎ ይታይ ነበር። ከእኛም መካከል ከሁምቦ ገጠር ቀበሌዎች ረዥም መንገድ በእግራቸው ተጉዘው የሚመጡ አሉ። ይህ ድካም እንደ ሆነ አንክድም፤ ነገር ግን የጠፋ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ከዚህ በቀር እርምጃ ማለት እግርን የት እንደሚያሳርፉ ማወቅም ነው። በመም ላይ ከውስጠኛው መሥመር ወጥቶ በሁለተኛው መሥመር የሚሮጥ ሰው በየዙሩ ሰባት ሜትር ያህል ትርፍ ይሮጣል። በ10,000 ሜትር ውድድር ውስጥ 25 ዙር ስላለ፣ እንዲህ ያለው ሰው በመላው ሩጫ ከ170 ሜትር በላይ በከንቱ ይደክማል። በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ውስጥ ተጠግቶ የሚሮጥ ሰው በሌሎች ሯጮች ሊከበብ ወይም እግሩ ከሰው እግር ጋር ሊጠላለፍ ይችላል። በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ በተደረገው የ10,000 ሜትር ፍጻሜ የፊንላንዱ ላሲ ቪረን በሩጫው መካከል ወደቀ፤ ሆኖም ወዲያው ተነሥቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ስለዚህ እግር ብቻ ሳይሆን ዐይንና አእምሮም ይሮጣሉ።

ስለ ፍጥነት

በዚያው በሙኒክ 10,000 ሜትር ሦስተኛ የወጣው ኢትዮጵያዊው ምሩጽ ይፍጠር ነው። በአዲግራት የተወለደው ይህ ሰው፣ በ5,000 ሜትርም ይጠበቅ ነበር፤ ግን ለማጣሪያው በሰዓቱ ሳይደርስ ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1968 ዓ.ም. የሞንትሪያል ኦሊምፒክ መጣ። በዚያ ጊዜ የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን በዘር መለያየት ወደምትገዛው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ስለ ተጫወተ፣ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ተቃውሟቸውን ለመግለጽ ከውድድሩ ወጡ፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ አንዷ ነበረች። የምሩጽም ተስፋ እንደ ገና ለአራት ዓመት ተራዘመ።

በመጨረሻ በ1972 ዓ.ም. የሞስኮ ኦሊምፒክ ደረሰ። ሐምሌ 20 ቀን በ10,000 ሜትር፣ ሐምሌ 25 ቀን በ5,000 ሜትር ምሩጽ ሁለቱንም ወርቅ ወሰደ። በሁለቱም ፍጻሜዎች ያደረገው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ከቡድኑ ጋር እየሄደ ቈይቶ፣ 300 ሜትር ያህል ሲቀረው በድንገት ፍጥነቱን ይለውጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚከተለው አይገኝም። ስለዚህ ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» የሚል ስም አወጣለት። ይሁን እንጂ ይህን ድል ብቻውን አላገኘውም። በ10,000 ሜትር ከመሐመድ ከድርና ከቶሎሳ ቆቱ ጋር እየተፈራረቁ ሩጫውን በመምራት ተቃዋሚዎቻቸውን አደከሙ፤ መሐመድ ሦስተኛ፣ ቶሎሳ አራተኛ ወጡ። በ5,000 ሜትር ምሩጽ በውስጠኛው መሥመር ተከቦ ሳለ፣ መሐመድ ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ መንገድ ከፈተለት። ሻምበል ምሩጽ በ2009 ዓ.ም. በቶሮንቶ ከተማ ዐረፈ።

የመጨረሻውን ዙር ፍጥነት ከምሩጽ የተማሩት ሌሎችም በዚሁ ቀኑ። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ከተማ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና የኬንያው ፖል ቴርጋት በ10,000 ሜትር ተገናኙ። ኃይሌ በዚያ ዓመት በተረከዝ ጅማት ሕመም ይሠቃይ ነበር። ቴርጋት በመጨረሻው ዙር ርቆ ወጣ፤ ኃይሌም ከመስመሩ ጥቂት ሜትር ሲቀር ደረሰበት። ልዩነታቸው ከመቶ የሰከንድ ክፍል ዘጠኙ ብቻ ነበር፤ ይህም ከ10,000 ሜትር ሩጫ በኋላ አንድ ሜትር የማይሞላ ነው። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ቀነኒሳ በቀለ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አገኘ። በ10,000 ሜትሩ እያንዳንዱን ዙር በአማካይ በ65 ሰከንድ ገደማ ሮጠ፤ የመጨረሻውን ዙር ግን 54 ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ፈጸመው። እርሱ በ1997 ዓ.ም. በብራስልስ ያቆመው የ10,000 ሜትር ክብረ ወሰን፣ 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ፣ ለ15 ዓመት ሳይደፈር ቈይቷል።

እነዚህን ውድድሮች በቴሌቪዥን የሚመለከት ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ዙር ነው። ስለዚህ ያ ፍጥነት በድንገት የመጣ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሃያ አራት ዙር ሮጦ ያልደከመ ሰው ብቻ ነው በሃያ አምስተኛው የሚፈጥነው። በመቶ ሜትር ከቀነኒሳ የሚቀድም ወጣት ብዙ ይገኛል፤ ከ24 ዙር በኋላ ግን ያ ወጣት በሜዳው ላይ አይገኝም። የመጨረሻው ፍጥነት ዋጋው አስቀድሞ በጽናት የተከፈለ ነው፤ በእርምጃም የተቈጠበ ነው። ሦስቱን ለያይተን ብንጽፋቸውም በሯጩ ሰውነት ውስጥ ግን አንድ ናቸው።

ስለ ሴቶች ሩጫ ሳንናገር ብናልፍ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል። ሴቶች በኦሊምፒክ ማራቶን እንዲሮጡ የተፈቀደላቸው በ1976 ዓ.ም. ነው፤ የ10,000 ሜትር የገባው ደግሞ በ1981 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ረዥም ርቀት ለሴት አካል አይስማማም የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ የ10,000 ሜትር ለሴቶች ገና ለሁለተኛ ጊዜ ሲደረግ፣ ከበቆጂ የመጣችው ደራርቱ ቱሉ የደቡብ አፍሪካዋን ኤላና ማየርን በመጨረሻው ዙር ቀድማ ወርቅ አገኘች። ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ እርሷ ናት። ሁለቱ ሴቶች፣ አንዷ ጥቁር አንዷ ነጭ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ደራርቱ አራተኛ ወጣች፤ ያን ጊዜ ግን ሌላዋ የአርሲ ልጅ ፋጡማ ሮባ ማራቶንን አሸነፈች። ደራርቱ ልጅ ከወለደች በኋላ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ የ10,000 ሜትር ወርቅን ደገመች። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች። ከእርሷ በኋላ የመጣችው ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግ ሁለት ወርቅ ወሰደች።

ስለ ተራራውና ስለ መምህሩ

አሁን የጓደኞቻችንን አባባል እንመርምር። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፣ በዚያ የሚኖር ሰው ሰውነት ብዙ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበጃል፤ እነዚህም ወደ ጡንቻ ኦክሲጅን የሚያደርሱ ናቸው። በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ደራርቱ፣ ፋጡማ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ሁሉ ከዚያችው ከተማና ከአካባቢዋ የተገኙ ናቸው። እኛ ያለንባት ተበላ ግን ከሶዶ ዝቅ ያለች፣ ሙቀት የሚያይልባት አገር ናት። በዚህ ጽሑፍ ከተነሡት ስሞችም ውስጥ የወላይታ ልጅ የለበትም። ይህን ሁሉ እንቀበላለን።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። የአርሲና የሸዋ ተራሮች የቆሙት መቼ ነው? በ1949 ዓ.ም. ወደ ሜልቦርን የሄዱት ሯጮቻችንም ከዚያው ተራራ የወጡ ነበሩ፤ ሆኖም ያለ ሜዳልያ ተመለሱ። በ1949 እና በ1952 ዓ.ም. መካከል ተራራው አልጨመረም። የጨመረው ሥልጠናው ነው። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ወታደሮቹን በዕቅድ እያስሮጡ፣ ሰዓታቸውን እየመዘገቡ አዘጋጁ። ከእርሳቸው በኋላ ንጉሤ ሮባ፣ ከዚያም ወልደ መስቀል ኮስትሬ የመጡትን ሁሉ አሠለጠኑ። የበቆጂንም ሕፃናት አስቀድመው ያዩት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ በልጅነታቸው በእርሳቸው እጅ አልፈዋል። እኚህ መምህር ዝነኛ ሜዳ አልነበራቸውም። የነበራቸው የሣር መስክ፣ የጫካ መንገድና በየማለዳው ሳያጓድሉ መገኘት ነው።

ከውጭ አገርም ምስክር እንጥራ። ላሲ ቪረን የተወለደባት ፊንላንድ ዝቅተኛ አገር ናት፤ እርሱ ግን በ1964 እና በ1968 ዓ.ም. በ5,000 እና በ10,000 ሜትር አራት ወርቅ አገኘ። የቼኮዝሎቫኪያው ኤሚል ዛቶፔክ በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ 5,000 ሜትርን፣ 10,000 ሜትርንና ማራቶንን በአንድ ኦሊምፒክ አሸነፈ። እርሱም የሠለጠነው በሠራዊት ጫማ ሳይቀር 400 ሜትርን ደጋግሞ በመሮጥ ነው። ተራራ ይረዳል፤ ተራራ ብቻውን ግን ማንንም አላስሮጠም። ደጋ የግድ ይፈለጋል ለሚልም፣ የዳሞታ ተራራ ከሶዶ በላይ ቆሞ ከዚህ ሩቅ አይደለም።

ለእኛ ምን ይሆናል?

የወላጆቻችን አባባል ከጓደኞቻችን ይልቅ ይከብደናል፤ ምክንያቱም ጭንቀታቸው እውነተኛ ነው። በ2015 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከተቀመጡት መካከል ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ዘመን ልጁ በሜዳ ላይ ሲሮጥ የሚያይ አባት ቢቈጣ አይፈረድበትም። ሩጫ ሒሳብ እንደማያስተምር እኛም እናውቃለን። ሯጭ የሆነ ሁሉም ወርቅ አያገኝም፤ ከሺህ አንዱም አያገኝም።

ሆኖም ታሪኩ ያስተማረን አንድ ነገር አለ። ይኸውም ፈተና የመጨረሻው ዙር መሆኑ ነው። በመጨረሻው ወር ሌሊቱን ሁሉ መብራት አብርቶ የሚያጠና ተማሪ፣ ሃያ አራቱን ዙር ተቀምጦ አሳልፎ በሃያ አምስተኛው ምሩጽን ለመምሰል እንደሚፈልግ ሰው ነው። ይህንን ግን በቃል ሲነግሩን አይገባንም፤ ሰውነታችን ሲያውቀው ነው የሚገባን። በሳምንት ያለችው አንዲት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ይህን የምታስተምር ናት። መጀመሪያ ላይ ያለ ልክ የሮጠ በመካከል ይቆማል፤ ዛሬ አንድ ዙር የቻለ በወሩ ሦስት ይችላል፤ የቀረበት ቀን ሁሉ በኋላ ይታወቅበታል። ስለዚህ ያችን ሰዓት እንዳትወሰድብን ወላጆቻችንንና መምህራኖቻችንን በትሕትና እንለምናለን። ሴቶች እህቶቻችንም በዚያች ሰዓት ከሜዳው ዳር ቆመው ልብስ እንዲጠብቁ ሳይሆን ከእኛ ጋር እንዲሰለፉ እንጠይቃለን። የደራርቱ እናት አገር ልጆች ሆነን ይህን አለማድረግ ያሳፍራል።

በዚህ ዓመት ፈተናውን ሳናልፍ የምንቀርም እንኖር ይሆናል። ለእነዚህ የሚሆን ታሪክ በቅርቡም ተደርጓል። በ2016 ዓ.ም. ለፓሪስ ኦሊምፒክ ታምራት ቶላ በማራቶን ተጠባባቂ ነበረ። ሲሳይ ለማ በጉዳት ምክንያት በቀረ ጊዜ፣ ጥቂት ሳምንታት እንኳ ሲቀሩ ቦታው ለታምራት ተሰጠው። ነሐሴ 4 ቀን በዚያ አቀበትና ቍልቍለት በበዛበት መንገድ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። በተጠባባቂነት ሳለ ልምምዱን ትቶ ቢሆን ኖሮ፣ ጥሪው ሲመጣ ምን ያደርግ ነበር?

እንግዲህ ማሞ ወልዴ 12 ዓመት፣ ምሩጽ ይፍጠር 8 ዓመት ጠበቁ፤ ሲጠብቁም አልተቀመጡም። ለትምህርት ቤታችን ረዥም ዕድሜ፣ ለመምህራኖቻችን ጤና፣ ከእኛ በኋላ በዚህ ሜዳ ለሚሮጡት ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ብርቱ እግርና ትዕግሥተኛ ልብ እንመኛለን።